ለሮቦት ኖር የተባለ ዕለት

ከስድስተኛ ክፍል በኋላ አልተማርኩም። ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን መጥቼ፣ ሻይ ቤት ጥቂት ከሠራሁ በኋላ፣ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ በፅዳት ተቀጠርኩ። ሥራውን የወደድኩት ስለማያናግረኝ ነው። ወለል "ምነው ዝም አልሽ?" አይልም። አብራኝ የምታፀዳው በዕድሜ ታላቄ ግን "አንቺን የቀጠሩሽ መወልወያው ብቻውን እንዳይቆም ነው" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ሮቦቱ የመጣው ብርዱ በጠናበት ሰሞን ነው። ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር አለው፤ ነጭ ነው፤ ፊቱ ጥቁር መስታወት ነው። የሕንፃው አስተዳዳሪ ሰበሰበንና "አይታመምም፣ አያረፍድም፣ ለቅሶ አለብኝ ብሎ አይቀርም" አለን።

"ለቅሶ ካልደረሰ እሱንስ ማን ይቀብረዋል?" አለች ታላቄ በጆሮዬ።

አስተዳዳሪው ወደ እኔ ዞረ። ሮቦቱ በአንድ ወር ውስጥ ምድር ቤቱን ብቻውን ማፅዳት ከቻለ፣ መጨረሻ የተቀጠርኩት እኔ እንደምሰናበት ነገረኝ። "ምን ትያለሽ?" አለኝ። ምንም አላልኩም። እስከዚያው ሮቦቱን እየተከተልኩ ውኃውን እንድቀይርለት ታዘዝኩ።

ምድር ቤቱ አዳራሽ ነው። ከገጠር የመጡ ባለጉዳዮች ረጃጅም አግዳሚዎች ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። በመጀመሪያው ቀን ሮቦቱ መወልወያውን ይዞ ሲጠጋቸው፣ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብስበው "ኖር!" ብለው ብድግ አሉ። አግዳሚው በሙሉ ተከትሏቸው ተነሣ። ሮቦቱም ቆመ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ሮቦቱ ከፊቱ የቆመ ሰው ካለ፣ እንዳይገፋው፣ እስኪቀመጥ ወይም እስኪሄድ አይንቀሳቀስም፤ የገጠመው ባለሙያ ነግሮን ነበር። ባለጉዳዮቹ ደግሞ "በእግዜር" ሳይባሉ አይቀመጡም። ተፋጠው ቀሩ።

"አባባ፣ ማሽን እኮ ነው" አላቸው ዘበኛው።

"ማሽን መሆኑንማ አያለሁ። እየሠራ ሲመጣ እግሬን ዘርግቼ ልቆየው?"

በማግስቱም፣ በሳምንቱም እንዲሁ ሆነ። አስተዳዳሪው ለባለሙያው ስልክ ሲደውል "ሰዎቹን አስቀምጧቸው" ይባላል። መጥቶ "ተቀመጡ!" ብሎ ሲጮህ፣ ተቀምጠው የነበሩትም እሱን አክብረው ይነሣሉ።

እኔ ከአዳራሹ ምሰሶ ኋላ ቆሜ አያለሁ። አንዲት ቃል ባወጣ ሁሉም እንደሚቀመጡ አውቅ ነበር። አላወጣሁም። ዕድሜ ልኬን የተሰደብኩበት ዓይን አፋርነት እንጀራዬን ሲጠብቅልኝ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ወሩ ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አንዲት አሮጊት እናት ከሌሎቹ ጋር ተነሡ። ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። ሮቦቱ ከፊታቸው ተገትሯል፤ እሳቸው በከዘራ ተደግፈው ይጠብቁታል። አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ደግሜ ከፈትኩት፤ ዘጋሁት። ከዚያ ከዘራው እርጥቡ ወለል ላይ ተንሸራተተ።

"በእግዜር! በእግዜር ይቀመጡ፣ እማማ!"

ያ ሁሉ ድምፅ ከእኔ መውጣቱን ያመንኩት ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ነው። እማማ ተቀመጡ፤ አግዳሚውም ተቀመጠ። ሮቦቱም ምንም እንዳልተፈጠረ እየወለወለ አለፈ።

አስተዳዳሪው በሩ ላይ ነበር። "ለካ አፍ አለሽ!" አለ። በማግስቱ ያንኑ ቃል በስልኩ አስደግሞ ቀዳኝና ሮቦቱ ላይ አስጫነው። ታላቄ "በገዛ አፍሽ ተባረርሽ" አለችኝ። በዚህ ጊዜ ግን አልሳቀችም።

በመጨረሻው ቀን ሽርጤን አጣጥፌ ምሰሶዬ ጋ ቆምኩ። ሮቦቱ ወደ አግዳሚው ተጠጋ፤ ሰዎቹ ተነሡ። "በእግዜር ይቀመጡ፣ እማማ" አለ በእኔው ድምፅ፣ ፊት ለፊቱ ለቆሙት ባለ ጢም ሽማግሌ።

"እማማ የሚለው እኔን ነው?" አሉ ሽማግሌው።

እኚያ እናት ጉዳያቸው አላልቅ ብሎ ተመልሰው መጥተው ኖሮ፣ ከጎናቸው ሆነው "ዝም በላ! ይሄ የአንኮበር ልጅ ድምፅ ነው" አሉ። ወደ ጥቁሩ መስታወት ጎንበስ ብለው "የማን ልጅ ነሽ?" ብለው ጠየቁት።

"በእግዜር ይቀመጡ፣ እማማ።"

"እቀመጣለሁ። የማን ልጅ ነሽ አልኩ እኮ?"

"በእግዜር ይቀመጡ፣ እማማ።"

ማንም አልተቀመጠም። መልስ ሳይሰሙማ እንዴት ይቀመጣሉ? አስተዳዳሪው ላብ እያጠመቀው ወደ ምሰሶው ዞረ። "ንገሪያቸው እንጂ!" አለኝ።

ወጣሁና የአባቴን ስም ከነአያቴ ነገርኳቸው። አባቴን አወቋቸው። ስለ ጤናቸው ጠይቀውኝ፣ መርቀውኝ ተቀመጡ። ሮቦቱም አለፈ።

አሁንም እዚያው እሠራለሁ። ማፈሬ አልለቀቀኝም፤ ግን ሮቦቱ በእኔ ድምፅ በተናገረ ቁጥር ስለሚጠይቁ፣ በየቀኑ የማን ልጅ እንደሆንኩ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ስናገር እውላለሁ። ባለፈው የሕንፃው ባለቤት ሊጎበኝ መጥቶ ነበር። አስተዳዳሪው ደረቱን ነፍቶ፣ ሮቦቱ ምድር ቤቱን ብቻውን እንደሚያፀዳ ነገረው። ባለቤቱ አጠገባቸው ወደቆምኩት ወደ እኔ ዞሮ "እውነት ነው?" አለኝ።

እንደ ልማዴ ምንም አላልኩም።