ጣሪያ ሥር ጥላ የለም

ኳስ ቆርቆሮ ሲመታ የሚያሰማው ድምፅ ደስ አይልም። ጆሮ ይሰነጥቃል፤ ጎረቤት ያጣላል። እኔን ግን ባለፈው ሳምንት ሓድነት ሰፈር ላይ፣ ከሚኒባስ ወርጄ ወደ ቤቴ ሳዘግም፣ ባለሁበት ተክሎ አስቀረኝ። ልጆች የአንድ ግቢ አጥር ላይ ኳስ ይወረውራሉ። ቆርቆሮው አሮጌ ነው፤ ጎደጓጉዷል፤ ዳርና ዳሩ ላይ የነጭ ቀለም ርዝራዥ አለበት። አወቅኩት። የጨው መጋዘኑ በር ነው። የግደይ ጎል።

መጋዘኑ ድሮ ከገበያው ጀርባ ነበር፤ ዛሬ ፈርሷል። አባቴ ከወሎ መጥቶ እዚያ ጨው ያወርድ ነበር፤ እኔም ትምህርት ቤት በመሄድ ፋንታ እሱን ተከትዬ አሞሌ እሸከም ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ ማታ ትምህርት ገብቼ ነው፤ ስለዚህ የአጻጻፍ ማማር አትጠብቁብኝ። ግደይ እዚያው አሞሌ የሚጠርብ ጎረምሳ ነበር። ረጅም፣ እጀ ሰፊ፣ መዳፉ በጨው የተሰነጣጠቀ። ስንጥቁ ውስጥ ጨው ሲገባበት ጥርሱን ነክሶ እፍ ይልበታል እንጂ አያማርርም። እኔ ኣያ ግደይ እለዋለሁ፤ እሱ ሰይዶ ይለኛል፤ ሲናደድብኝ ደግሞ ወዲ ወሎ፣ የወሎ ልጅ።

ከሥራ በኋላ የመጋዘኑ በር የእጅ ኳስ ጎል ይሆናል። በሩ ላይ ቋሚዎቹን በነጭ ቀለም ቀብተናል። መስመሩን የምናሰምረው በጨው ድቃቂ ነው፤ ኖራ ማን ይሰጠናል? ጨዋታው ሲሞቅ የሰፈሩ ፍየሎች መጥተው መስመሩን ይልሱታል። «ዳኛ መጣች!» እንላለን። ከዚያ የበረኛውን ክልል ረግጠሃል፣ አልረገጥኩም፣ ጸብ ነው።

በሩ ወደ ምዕራብ የዞረ ነበር። ወደ ማምሻው ፀሓይዋ በረኛው ዓይን ውስጥ ትገባለች። ሌላው በረኛ ግንባሩን በእጁ ጋርዶ ይራገማል። ግደይ ግን አንገቱን ደፋ፤ በቃ፣ እንደደፋ ቀረ። የወርዋሪው ጥላ ከራሱ ከወርዋሪው ቀድሞ እግሩ ሥር ይደርሳል። የክንዱን ጥላ አይቶ ይዘላል፤ ኳሷም እዚያው እጁ ውስጥ ናት።

«ኣያ ግደይ፣ ሳታየኝ እንዴት ነው የምትይዘው?»

«ሰው ይዋሻል ሰይዶ። በዓይኑ ግራ ያሳይህና ቀኝ ይወረውራል። ጥላ መዋሸት አያውቅም።»

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ተጫዋች መራጭ መጣ። የወንዶች የእጅ ኳስ ውድድር ሊደረግ ነው፤ የውጭ አገር ቡድኖች ይመጣሉ፤ ጨዋታው እንደ ሠለጠነው ዓለም ጣሪያ ሥር፣ አዳራሽ ውስጥ ነው አሉ። መራጩ አንድ ማምሻ ተቀምጦ አየን። ግደይን አንድም ሰው አላሸነፈውም። ሰውዬው ትከሻውን መታ አድርጎ ጥሩ ከተጫወተ ደመወዝ የሚከፍል ክለብ እንደሚቀጥረው ነገረው። ግደይ ሌላ ነገር አልሰማም።

«ከጨው ልወጣ ነው» አለው አባቴን።

«ቀስ ብለህ ተናገር፣ ጨው ይሰማሃል» አለው አባቴ። ተሳሳቁ።

የውድድሩ ቀን ሰፈሩ በሙሉ ኣደይ ብርኽቲ ሻይ ቤት ታጨቀ። ቴሌቪዥኗ ጥቁርና ነጭ ነበረች፤ አንቴናዋን አንድ ሰው ቆሞ ይይዛል። ግደይን ስናየው አጨበጨብን። ተጋጣሚዎቹ መጡ። አንገቱን ደፋ። ጎል። እንደገና ደፋ። ጎል። ወለሉን ግራና ቀኝ ይፈልጋል፤ ኳሷ በጆሮው ሥር ታልፋለች።

«ምን ጠፍቶበት ነው መሬት መሬት የሚያየው?» አለ ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ጋዜጠኛ።

«መርፌ!» አለ አንድ ባለጋሪ። ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«የምትስቁት ውጡ!» አለች ኣደይ ብርኽቲ። «እናት የሌለው መሰላችሁ?»

ማንም አልወጣም። ከዕረፍት መልስ ግደይን ቀይረው አስወጡት፤ ካሜራውም ረሳው።

የቡድኑን ቱታ ለብሶ በአውቶቡስ ተመለሰ። በማግስቱ ጨው ይጠርባል። ክለብ የሚባል ነገር ዳግመኛ አልተነሣም።

«ኣያ ግደይ፣ ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«እዚያ ጥላ የለም። ጣሪያው ሙሉ አምፖል ነው። አንድ ሰው ሲሮጥ አራት ጥላ ይከተለዋል፣ አራቱም የነጡ። የቱን ልመን?»

«አዳራሹን ቀድመው አላሳዩአችሁም?»

«ለመክፈቻው በዓል ፊኛ እየሰቀሉበት ነበር። እኛን ውጪ ሜዳ ላይ ነው ያለማመዱን። እዚያማ አንድም አልገባብኝም።»

«ታዲያ ቀና አትልም ነበር?»

«ቀና ማለት የት ተማርኩና?»

ያን ዕለት ማምሻውን «ና ወርውርልኝ» አለኝ። ቀና ብሎ ቆመ። ፀሓይዋ ዓይኑን ሞላችው። ኳሷ ቆርቆሮውን ጓ! አደረገችው። «ድገም» አለ። አሁን አንገቱን ደፋ፤ ግን አላመነውም፤ ስወረውር ቀና አለ። ጓ! አንዲት ፍየል መስመራችንን ትልሳለች። የሚያባርራት አልነበረም። ኳሷን አንሥቶ ሰጠኝና ወደ መጋዘኑ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ጎል ላይ ሲቆም አላየሁትም።

ሽንፈት ያስተምራል የሚሉ አሉ። ግደይን ምን እንዳስተማረው ልንገራችሁ፤ የሚያውቀውን አስረሳው። ትንሽ ቆይቶ ጨው ወደሚቆረጥበት ወደ አፋር ቆላ ወረደ። በዚያው ሞተ የሚል አለ፤ ሱዳን ገባ የሚል አለ። አባቴ እስኪሞት ድረስ «ጨው ሰማው» ይል ነበር፤ ያኔ ግን የሚስቅ አልነበረም።

እኔም ሓድነት ላይ፣ አጥሩ ሥር ቆሜ ቀረሁ። ፀሓይ ልትጠልቅ ነው። አንዱ ልጅ ኳሷን ከፍ አደረገ፤ ፊቱን አላየሁም፤ የክንዱ ጥላ ግን መጥቶ ጫማዬ ላይ ወጣ። «ግራ ነው» አለኝ ጥላው። እጄ ሳላዘው ወደ ግራ ተዘረጋ።

«ኣቦይ፣ ጎሉን ጋረድከን፤ ዘወር በልልን!» አለኝ ልጁ።

ዘወር አልኩለት። ወረወረ። ግራ ነበር።