አፍንጫ ሥር የተማርነው እንግሊዝኛ

ጀሞ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠ ሰውዬ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ሲያኝክ፣ ግማቱ በጥፊ አጩሎ ነፋስ ስልክ ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል መለሰኝ።

የእንግሊዝኛ ቲቸራችን ለሳይነስ ሕመሜ ነው እያሉ ጉንጫቸው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት አይጠፋም ነበር። ሪፖርትድ ስፒች፣ ማለትም የሰው ንግግር ሲወራ ግሡ እንዴት ወደ ኃላፊ ጊዜ እንደሚቀየር፣ ያስተማሩን አፍንጫችን ላይ ተደፍተው ነው። ዝንብ እንኳ በመስኮት ትሸሻቸው ነበር።

አንድ ቀን የወንበር ጓደኛዬ ታምራት፣ "የሞተ አይጥ የዋጡ ነው የሚመስለው" ብሎ ሹክ አለኝ። ቲቸር አዩንና ወደ እኔ ዞሩ።

"ምን አለህ? በእንግሊዝኛ ንገረኝ!"

ግሥ በትክክል መልሼ የማላውቀው እኔ፣ ያን ቀን አይጧንም ኃላፊ ጊዜውንም ሳልስት ዘረገፍኩላቸው።

"ጎበዝ! አጨብጭቡለት! በዚህ አገር ያለ ስህተት የሚያወራ ሰው የትም ይደርሳል።"

የት እንደሚደርስ ያኔ አልገባኝም። ታምራትን ግን በጆሮው ጎትተው ዓመቱን ሙሉ አፋቸው ሥር አስቀመጡት። ሲያልፍ "ከሳቸው የባስክ ግም!" አለኝ። እየተጨበጨበልኝ ራሴን ተጸየፍኩት።

ታክሲው ውስጥ አጠገቤ ያሉት እናት፣ "ኤጭ! ምን ጉድ ነው የሚገማው?" ብለው በጆሮዬ አንሾካሾኩ። ሰውዬው ዞረ።

"ምን አሉህ?"

"'ለጉንፋን ፍቱን ነው' አሉኝ።"

ደስ ብሎት አንድ ፍሬ ላጠና፣ በምራቅ በራሰ ጣቱ አጎረሰኝ። ልተፋው ስል የታምራት ጆሮ ትዝ አለኝና ዋጥኩት።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" ብሎ ሁለተኛውን መላጥ ጀመረ።