መንደሩን ሁሉ የተጣላው ማኑሶስ

ማኑሶስ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ጡረታ የወጣው ግን እጁ እንጂ አፉ አይደለም። ሰው ካላዋራ ይታመማል። እኔም ጎረቤቱ ስለሆንኩ ጤንነቱ የቆመው በእኔ ጆሮ ላይ ነው።

የልጁ ልጅ አርጊሮ አብራው ትኖራለች። እናትና አባቷ ሬትምኖ ከተማ ሆቴል ውስጥ ስለሚሠሩ የሚመጡት በእረፍት ቀናቸው ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሳቂታና ጨዋታ አዋቂ ናት። ደረጃ ስትወጣ ግን እንደ እኔ ታለከልካለች፣ እኔ ደግሞ ሽማግሌ ነኝ። የወይራ ለቀማ ሊጀመር ሲል ማኑሶስ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። ሐኪሟ የደም ምርመራውን አይታ ፊቷን ቅጭም አደረገች።

«አባት፣ ጉበቷ ላይ ስብ ተከማችቷል። ስኳሯም ከፍ እያለ ነው። ለስላሳ መጠጥ ይቅር፣ በጊዜ ትተኛ፣ እርስዎም በየቀኑ ይዘዋት ይራመዱ። ከፋሲካ በኋላ ካልተሻላት መድኃኒት እንጀምራለን።»

ስኳር የሚለውን ቃል ማኑሶስ ያውቀዋል። ታላቅ ወንድሙ አንድ እግሩን ያጣው በስኳር ነው። ወደ ቤት ሲመለስ ቃል አልተነፈሰም፤ ያን ጊዜ እኔም ፈራሁ።

በማግስቱ መራመድ ጀመሩ። መንደራችን ያላት መንገድ አንድ ነው፤ ከላይ ገደል፣ ከታች ገደል፣ መሀሉ ላይ በሩን ከፍቶ የሚጠብቅ ሰው። እኛ የቀርጤስ ደሴት ሰዎች በደጃችን የሚያልፈውን ሳናቀምስ ብንሰድ ነውር ነው፤ የቀረበለትን እምቢ ያለ ደግሞ የባሰ ነውረኛ ነው። ጎረቤታችን ጋሩፋሊያ ማር ያፈሰሰችበትን ካሊትሱኒያ፣ አይብ የተሞላ ቂጣ፣ በትሪ ይዛ መንገድ ዘጋችባቸው።

«ጋሩፋሊያ፣ ሐኪም ከልክሏታል» አለ ማኑሶስ።

«የት አገር ሐኪም?»

«አቴንስ የተማረች ናት።»

«በል ተወኝ! አቴንሶች ስለ ልጅ ምን ያውቃሉ? ነይ የኔ ወለላ፣ ይቺን ትንሿን ብቻ። ስትራመጂ እኮ ደክመሻል!»

ትንሿ የተባለችው የእኔን ጫማ ታክላለች። ቀጥሎ ያለው ቤት በለውዝ ኬክ፣ የሚቀጥለው በተጠበሰ ድንች ጠበቃቸው። እኔም ከማን አንሼ! ለእሱ አረቄ፣ ለእሷ ስኳር የገባበት የብርቱካን ጭማቂ ቀዳሁ።

ከወር በኋላ አርጊሮ ሚዛን ላይ ወጣች። ጨምራለች።

«በእውነት ይራመዳሉ?» አለች ሐኪሟ።

«በየቀኑ! አንድም ቀን አልቀረብንም!»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ከየት መጣ?»

«ከጋሩፋሊያ ቤት» አለች አርጊሮ።

ማኑሶስ ከዚያ በኋላ ያበደ መሰለን። በማግስቱ ጋሩፋሊያ ደጅ ቆሞ፣ «ካሊትሱኒያሽ ጨው ብቻ ነው! ባልሽ የሚያልበው በጉን ነው ባሕሩን?» ብሎ ጮኸ። ቀጥሎ ያሉትን ቤቶች አዳረሰ፤ የአንዱን አህያ ሰደበ፣ የሌላውን አማት። በመጨረሻ እኔ ጋ መጣና «አረቄህ የእግር እጣቢ ነው!» አለኝ። ልወረውርበት ወንበር አነሳሁ፤ ከበደኝና መልሼ ተቀመጥኩበት።

የተሰደበ ሰው በሩን ይዘጋል። ብርዱን ወራት ሁሉ ሁለቱ በተዘጉ በሮች መሀል ሽቅብ ቁልቁል ሲሉ ከረሙ። የሚያጎርሳቸው ጠፋ፤ እንደምን ዋልክ የሚለውም ጠፋ። ማኑሶስ ምስርና ዓሣ እየቀቀለ ያበላታል፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከዶሮዎቹ ጋር ሲያወራ በአጥሩ በኩል እሰማዋለሁ። ይበለው እል ነበር። ለፋሲካ እንኳ ከልጆቹ በቀር ቤቱን የረገጠ አልነበረም። አርጊሮ ግን ዳገቱን እየዘፈነች መውጣት ጀመረች። ድምጿ አስቀያሚ ነው፣ ትንፋሿ ግን አላለቀም።

ፋሲካ እንዳለፈ ሐኪም ዘንድ ደርሰው ተመለሱ። ማኑሶስ አደባባዩ ላይ ቆሞ ወዲያ ወዲህ ተመለከተ። አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። የምስራች ይዞ የሚነግረው ሰው ያጣ እሱን ብቻ ነው ያየሁት፤ መስኮቴን ከፈት አደረግኩ። በመጨረሻ አውቶቡስ ውስጥ ፌርማታ ይጠራበት በነበረው ድምፁ ለቀቀው።

«እናንተ ሰዎች! የአርጊሮ ስኳር ተስተካክሏል! የጉበቷም ስብ ቀንሷል! መድኃኒት የለም!»

የጋሩፋሊያ በር ተከፈተ። እንደ ልማዷ ትሪ ይዛለች።

«እኛን የሰደብከን ለዚህ ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ! እምቢ ስልሽ መች ትሰሚያለሽ?» አለ፤ እንባው ጢሙ ውስጥ ይወርዳል።

«ካሊትሱኒያዬስ?»

«በዓለም አንደኛ ነው! በህልሜ ሳኝከው ነው የከረምኩት!»

«አንተ ጅል ሽማግሌ! ብትነግረን ምን ነበረበት?»

«ነገርኩሽ እኮ! የት አገር ሐኪም አልሽኝ!»

ጋሩፋሊያ ትሪውን አየች፣ አርጊሮን አየች፣ ትሪውን ለባሏ አቀበለች።

«ትታችሁኝ እንዳትሄዱ! ጫማ ልቀይር!» ብላ ገባች።

እኔ ማኑሶስ ስለ አረቄዬ ይቅርታ ካልጠየቀኝ ከመስኮቱ አልነሳም ብዬ ነበር። ባርኔጣዬን ፈለግሁ፣ አጣሁት፣ ያለ ባርኔጣ ወጥቼ ተከተልኳቸው።