የእትዬ ዘነበች ሽንኩርት

ትናንት ረፋዱ ላይ ከታችኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ በሬን አንኳኩታ ገባችና፣ ቁጭ እንኳን ሳትል፣ «ሳባ ዛሬ እህል ቀምሳለች?» አለችኝ። ሳባ እዚህ ለቡ፣ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ፣ በሯ ከበሬ ፊት ለፊት ነው። ባንክ የምትሠራ፣ ራሷን የቻለች፣ ፍሪጇ ባዶ ሆኖ የማያውቅ ሴት ናት። እንዲህ ያለው ሰው መብላት አለመብላቱ ድንገት ጎረቤቱን ሲያስጨንቅ ነገሩ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያወቅኩት ግን ድሮ ነው፣ በሰማንያዎቹ መጨረሻ ገደማ መካኒሳ ስንኖር፣ ገና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ።

መካኒሳ ያን ጊዜ ግማሹ ከተማ፣ ግማሹ ገጠር ነበር። ከታክሲ ወርደን ወደ ቤት የምንገባበት መንገድ በክረምት ጭቃው ጫማ ነጥቆ ያስቀራል። ጥቅምት ሲገባ ደግሞ ዳሩ በሙሉ የአባባ ቶሎሳ ጤፍ ነው። አባባ ቶሎሳ ቦታው ገና ሰፈር ሳይባል ጀምረው እዚያው ሲያርሱ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ግቢያቸውን ከግቢያችን የሚለየው ዝገት የበላው ቆርቆሮ ነው። በሌላው በኩል የምንዋሰነው ከእትዬ ዘነበች ጋር ነበር። በርበሬና ቅመም አዘጋጅተው የሚሸጡ፣ ሳቃቸው አጥር የማያግደው ሴት ነበሩ። እኛ ቤት እኔና እማዬ ብቻ ነን። አባቴን አላስታውሰውም።

በዚያ ጥቅምት እማዬ ከታይፎይድ ገና እያገገመች ነበር። ታማ አልጋ ላይ ስትወድቅ የሚያሳስባት የራሷ ነገር ሳይሆን ቡልጋ ያሉት አባቷ ነበሩ። ክረምቱን ሙሉ ፈትላ ያሠራችላቸው ጋቢ ከሸማኔ መጥቶ፣ ታጥፎ፣ አልጋዋ ግርጌ ተቀምጧል። ቀና ማለት ስትጀምር ደጋግማ ትዳስሰዋለች። «እግሬ ትንሽ ይጥና እንጂ አውቶቡስ ተሳፍሬ እሄዳለሁ፤ አባቴ ብርድ አይችልም» ትላለች።

ጎረቤቶቻችን ግራ የሚያጋባ ጠባይ ያመጡት ይኼኔ ነው። እትዬ ዘነበች ጠዋት የቅልጥም ሾርባ፣ ከሰዓት ገንፎ ይዘው ይመጣሉ። አባባ ቶሎሳ ወተት ይልካሉ፤ እሸት ባቄላ ይልካሉ። ዓርብ ቀን እማዬ «ዛሬማ ጾም ነው» ብላ ብታንገራግር፣ እትዬ ዘነበች «ቄሱን ጠይቄልሻለሁ፣ ታማሚ አይጾምም ብለዋል፤ ጠጪ!» ብለው ኩባያውን አፏ ላይ ደቀኑባት። እሄዳለሁ ስትል ደግሞ አንዱ «መንገዱ ተበላሽቷል» ይላታል፣ ሌላው «ደጋ ነው፣ ብርዱ ይመልስብሻል» ይላታል። እኔን በር ላይ ያገኘኝ ሁሉ ከሰላምታ በፊት «እናትሽ በላች?» ነው የሚለኝ። እኔ ልብላ አልብላ የጠየቀኝ ግን የለም፣ ይኼም አናዶኝ ነበር።

ከልጅነቴ ጀምሮ ያልተነገረኝን ነገር ሳላውቅ ማደር አልችልም። ሴቶቹ ተሰብስበው ሲያወሩ ጠጋ ስል ወሬው ስለ ቲማቲም ይሆናል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ላይ ባለች የሚስማር ቀዳዳ ዓይኔን ደቅኜ ሳይ፣ የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች፣ ትልልቆቹ ድስቶችና ድንኳኑ ተጠቅልሎ ወደ አባባ ቶሎሳ በረት ሲገባ አየሁ። የእትዬ ዘነበች ዓይን ደግሞ በየቀኑ እንደቀላ ነው። ስጠይቃቸው «ሽንኩርት ስከትፍ ቆይቼ ነው» ይሉኛል። ሰው ብቻውን እየኖረ ይኼን ሁሉ ሽንኩርት ምን ያደርገዋል?

ወንበሩን፣ ድስቱን፣ ድንኳኑን፣ ሹክሹክታውን ደመርኩና ምሥጢሩን ያገኘሁት መሰለኝ። ሽማግሌ ሊላክብኝ ነው! ለማን እንደሆነም አላጣሁትም። የእትዬ ዘነበች የእህት ልጅ በዚያ ሰሞን ታክሲ መንዳት ጀምሮ፣ ባየኝ ቁጥር ጡሩምባ ይነፋ ነበር። እናቴን የሚቀልቧትም እሺ እንድትል መሆን አለበት። ትምህርቴን ሳልጨርስ እንደማላገባ በመስታወት ፊት ቆሜ ፊቴን ኮስተር እያደረግኩ ተለማመድኩ። ግን ደግሞ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ሹሩባም ተሠራሁ።

በመጨረሻ አላስችል ብሎኝ፣ «እትዬ፣ እንግዳ ሊመጣብን ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«አዎ ልጄ» አሉ። «ቅዳሜ ማለዳ ቤቱን ጠርገሽ ጠብቂኝ። ለእናትሽ እንዳትነግሪያት።» ከዚያ ጎትተው አቀፉኝና ቶሎ አልለቀቁኝም። ለወደፊት ምራት እንዲህ መሆናቸው ነው ብዬ አሰብኩ።

ቅዳሜ ወፍ ሲንጫጫ ቤቱን ጠርጌ፣ ሹሩባዬን ቅባት ቀብቼ ቆምኩ። አባባ ቶሎሳ ዱላቸውን ተመርኩዘው ቀድመው ገቡ፤ ሰፈሩ በሙሉ ተከተላቸው። ዓይኔን ወደ ሴቶቹ ሳዞር የነጠላቸው ጥለት ወደ አንገታቸው ተገልብጧል። ነጠላ እንደዚያ የሚለበሰው ለሐዘን ነው። እትዬ ዘነበች አልጋው ላይ ወጥተው እማዬን ከኋላዋ ጥብቅ አድርገው ይዘዋት ነበር።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉ አባባ ቶሎሳ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። «አባትሽ አርፈዋል።»

የእማዬን ጩኸት አልጽፈውም። እንዴት እንደሆነ የሰማሁት በኋላ ነው። ከቡልጋ የመጣው ዘመድ እንደ ወጉ እኛን አልፎ ጎረቤት ቤት ነው የገባው። እሱ ሲደርስ ቀብሩ አልፏል፤ እማዬ ደግሞ ቀና ማለት አትችልም ነበር። መክረው፣ ልቅሶውን የምትችልበት ጉልበት እስክታገኝ መርዶውን ሊይዙት ተስማሙ። ሾርባውም ወተቱም ለዚህ ኖሯል።

በሣልስቱ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ እማዬ ወደ እትዬ ዘነበች ዞረች። «ያን ሁሉ ቀን እያወቅሽ ነው ስታስቂኝ የነበረው?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ነበር። እኔ ተጣሉ ብዬ ደነገጥኩ፤ እናቴ ያለ ዘነበች ማን ነበራት?

«ቀን ቀን ካንቺ ጋር እስቃለሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ላባትሽ አለቅሳለሁ» አሉ እትዬ ዘነበች። «ምን ላድርግ ታዲያ? አንቺንም ልቅበርሽ?»

እማዬ ትክ ብላ አየቻቸውና ራሷን ጭናቸው ላይ ጣለች። እኔ ያን ሁሉ ሽንኩርት አስታወስኩ፤ ያለቀስኩትም ያን ጊዜ ነው።

ያደረጉት ትክክል ነበር? ዛሬም አንዳንዴ አስበዋለሁ። ልጄ «ሰው የአባቱን ሞት በሰዓቱ የማወቅ መብት አለው» ትለኛለች፣ እውነቷን ነው። እማዬም ባታኮርፍም ለብዙ ጊዜ ከንክኗታል። ግን ከአርባው በኋላ ያን ጋቢ አንሥታ ወደ አባባ ቶሎሳ ግቢ ስትሻገር ተከትያት ነበር። «አይሆንም፣ የአባትሽ ነው» ብለው እጃቸውን አራገቡ። «ለአባቴ ብዬ ነው የፈተልኩት» አለቻቸው። «ለማን ልስጠው ታዲያ?» ሽማግሌው እንድታለብሳቸው ትከሻቸውን ዝቅ አደረጉላት።

ትናንት ጎረቤቴ የነገረችኝን ሰምቼ፣ ትንሽ አልቅሼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ምሳ ይዤ ወደ ሳባ ተሻገርኩ። እናቷ ደሴ አርፈዋል። ወንድሞቿ በማግስቱ ማለዳ ሊያረዷት መንገድ ላይ ነበሩ።

«ዛሬ ምን ተገኘ እትዬ ትርሲት?» አለች እየሳቀች። «ከታችም ገንፎ መጥቶልኝ ነበር እኮ!»

«ስልክሽን እስቲ አውሺኝ፣ የኔ ካርድ አልቆበታል» አልኳት። ሰጠችኝ፤ ኪሴ ከተትኩት። ሳህኑን ተቀብላ ቀና ስትል ሳቋ ቆመ፤ ትክ ብላ ታየኝ ጀመር።

«ዓይንዎ ምን ሆነ?»

«ሽንኩርት ስከትፍ ቆይቼ ነው» አልኳት። «ብዪ እንጂ ልጄ፣ ሳይቀዘቅዝ።»