እስከ መስመሩ የዝናብ ውሃ

በለቅሶው ላይ ስለ አጎቴ ደግነት ብዙ ተወራ። እኔ የማውቃቸውን ጋሼን ግን ማንም አላነሳም።

ሸዋ ሮቢት ባለው ሆቴላቸው የአሰብ ሾፌሮች ያመጡላቸውን የባሕር ዓሦች በመስተዋት ገንዳ ያኖሩ ነበር። ከቀወት ገጠር በመጣሁ ሰሞን ታመው ለሕክምና ደብረ ሲና ሲሄዱ፣ ዓሦቹን ለእኔ ትተው፣ መስተዋቱ ላይ ካሰመሩት መስመር አጠገብ ወረቀት ለጠፉ። ማንበብ አልችልም ማለት አፈርኩ። ሙቀቱ ውሃውን ባጎደለው ቁጥር በርሜል ውስጥ ከነበረው የባሕር ውሃ ጨመርኩበት። ዓሦቹ አለቁ።

ሲመለሱ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ።

"ፀሐይ የወሰደችው ውሃውን ነው እንጂ ጨውማ እዚያው ነው! ወረቀቱን አላየህም?"

"አይቻለሁ ጋሼ። ማንበብ አልችልም።"

"ታዲያ አፍ የለህም፣ አንተ ደረቅ?"

ፊደል ያስቆጠሩኝ በዚያው ወረቀት ነው፦ "እስከ መስመሩ፣ የዝናብ ውሃ ብቻ።" አዲስ ዓሦች ከመጡ በኋላም ጠዋት ጠዋት ውሃ ልሞላ ስል "እስቲ አንብብ" ይሉኛል። ዓመታት አለፉ፣ አልተዉኝም። "ሕፃን አይደለሁም!" እላለሁ፤ እየተቆጣሁም አነባለሁ።

ዛሬ ጠዋት ውሃው ከመስመሩ ወርዶ አገኘሁት። ጣሳዬን ይዤ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ የሚያዘኝ የለም። ጮክ ብዬ አነበብኩና ሞላሁ።