የማይጮኽ መጫወቻ

ለልጅ ልጄ እርስ በርሳቸው የሚገቡ የፕላስቲክ ኩባያዎች ልገዛ ሱቅ ገብቼ፣ እያንዳንዱን ባንኮኒው ላይ መታ መታ እያደረግሁ አዳመጥሁ። ባለሱቁ፣ "እማማ፣ አይሰበርም እኮ!" አለኝ። እኔ ስለ መሰበር መች አወራሁ!

በጣሊያን ጊዜ፣ መተማ አጠገብ፣ ማሽላ ውስጥ ተደብቀን እንውል ነበር። አባታችን ስለ ሸፈተ ወታደሮቹ እኛን ይፈልጉናል። ወንድ አያቴ ዳዴ ለሚለው ወንድሜ ሦስት ቅሎች ቆርጠው፣ ትንሹ ትልቁ ውስጥ እንዲገባ አድርገው ጫፋቸውን ፈቀፈቁለት።

"ለሕፃን መጫወቻ ስትመርጪ መጀመሪያ ድምፁን ስሚ" አሉኝ።

ወንድሜ ግን የሚወደው ጣሊያኖች የጣሉትን ጣሳ ነበር። ሲያለቅስብኝ አሳዘነኝና ከአያቴ ደብቄ ይዤለት መጣሁ።

ረፋዱ ላይ ከመንገዱ የወታደር ኮቴ ተሰማ። ወንድሜ ትንሹን ቅል በመካከለኛው፣ መካከለኛውን በትልቁ ከተተ። ከዚያ ጣሳውን ከነጠላዬ ሥር መዝዞ፣ አጠገቡ ያለ ድንጋይ ላይ ሊያሳርፈው ከፍ አደረገው። አያቴ መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ ዘረጉ። የጣሳው ስለት ጣታቸው ላይ አረፈ። ደማቸው እየወረደ ትንፍሽ አላሉም።

ኮቴው ቆመ፤ ቆይቶም እየራቀ ሄደ።

ዛሬ የልጅ ልጄ ኩባያዋን ከፍ ስታደርግ፣ መዳፌ ቀድሟት ሲሚንቶው ላይ ተዘርግቷል።