«ደህና ነኝ» የተባለባቸው ዘጠኝ ጠዋቶች

ከጤና ጣቢያው ሲወስዱኝ ነጭ ጋውኔን እንኳ አላወለቅሁም ነበር። ጥፋቴ የቆሰለ ሰው ማከሜ ነው፤ ከማን ወገን እንደሆነ አስቀድመህ መጠየቅ ነበረብህ አሉኝ። ያስገቡኝ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ቀድሞ የማሾ መጋዘን በነበረ ቤት ነው። ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ ይግላል፤ የነቀዝ መድኃኒቱ ሽታ ገና ከግድግዳው አልለቀቀም።

አጠገቤ የተኙት አንድ የቀወት ገበሬ ነበሩ፤ ሙስሊም፣ ሽማግሌ። ልጅህ ጫካ ገብቷል ተብለው በእሱ ፋንታ ነው የተያዙት። አፋቸውን ከፍተው አሳዩኝ፤ የታችኛው ድዳቸው መግል ቋጥሯል።

«ከጀመረዎ ስንት ጊዜ ሆነ?»

«ኧረ ቆየ። ቅርንፉድ ስነክስበት ዝም ይላል።»

ሲመሽ ያተኩሳቸዋል። እግራቸው አብጧል፤ ሲጋደሙ ስለሚታፈኑ ግድግዳ ተደግፈው ነው የሚያድሩት። ማዳመጫዬን ስለወሰዱብኝ ጆሮዬን ደረታቸው ላይ ለጠፍኩ። ልባቸው በምቱ መሀል እንደሚያፈስ ቧንቧ ይንሿሿል።

ከድድ ወደ ደም የገባ ጀርም የተጎዳ የልብ ቫልቭ ላይ ሊሰፍር እንደሚችል ተምሬያለሁ። የእሳቸው ሕመም ከዚያ ይምጣ አይምጣ ግን ያለ ምርመራ አይታወቅም። ይህንኑ ለጠባቂው ነገርኩት።

«ጥርስና ልብ ምን አገናኛቸው?» አለኝ።

«ሊገናኙ ይችላሉ። ሆስፒታል ይታዩ።»

«ይችላሉ ወይስ ተገናኝተዋል?»

«ሳይታዩ እንዴት አውቃለሁ?»

«እንግዲያው ሳታውቅ አታስቸግረን። የታመመው ራሱ ይናገር።»

እውነቱን መናገሬ ቆጨኝ። ዛሬ ይሞታሉ ብዬ ብዋሽ ይሻል ነበር።

ጠዋት ጠዋት ጠባቂው በሩ ላይ ቆሞ በየተራ ይጠይቃል፤ አመመኝ ያለ ለሕክምና ይመዘገባል። እሳቸው ጋ ሲደርስ በአክብሮት «አባባ፣ እንዴት አደሩ?» ይላል። ሽማግሌው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ያልፋቸዋል። ዘጠኝ ጠዋት እንዲሁ ሆነ።

በዘጠነኛው ነደደኝ። «አባባ፣ ለምን ይዋሻሉ?»

«የምን ውሸት? እንዴት አደርክ ስትባል ጌታህን ታመሰግናለህ እንጂ ታማርራለህ? ደሞ ለጠባቂ?»

«ልብዎ እየደከመ ነው እኮ።»

«እሱንም የሰጠኝ አላህ ነው።»

ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ። ከውጭ የቆለፈብን ሰው አንሶ ከውስጥ ደግሞ እኚህ ተጨመሩብኝ።

በማግስቱ ንጋት ሱብሒ ሲሰግዱ ግንባራቸውን ከደፉበት ሱጁድ መነሳት አቃታቸው፤ ሁለት ሆነን አነሳናቸው። ትንፋሻቸው መለስ እስኪል ጠብቄ «አባባ፣ ልቡን አላህ ከሰጠዎ አደራው ነው» አልኩ። «ምስጋናዎን አይተዉ። ከምስጋናው በኋላ ግን እውነቱን ይጨምሩበት።»

ጠባቂው መጣና እንደ ወትሮው ጠየቃቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ ግድግዳውን ይዘው ተነሱ፤ ሽርጣቸውን አጠበቁ፤ ቀጥ ብለው እስኪቆሙ ድረስ አልተናገሩም። «ግን ልጄ፣ ደረቴ ያፍነኛል። ልታከም እፈልጋለሁ።»

ልመና አልነበረበትም። ጠባቂው ዓይኑን ሰብሮ እስክሪብቶውን አወጣ።

ሆስፒታል ተወስደው የታመመው ጥርስ ተነቀለላቸው፤ ለሳምንታት መርፌ ተወጉ። ቫልቩ ግን ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ አሉ ሐኪሞቹ። ከድዱ መምጣቱን እነሱም አላረጋገጡም፤ እኔም ዛሬ አልምልም። እነዚያ ዘጠኝ ጠዋቶች ግን እስካሁን ያንገበግቡኛል።

ሁለታችንም ተፈትተናል። ባለፈው ሳምንት ቀወት ቤታቸው ሄድኩ። ማሽላቸውን ሌላ ሰው ያርስላቸዋል፤ እሳቸው ደጃፍ ተቀምጠዋል። «እንዴት ነዎት አባባ?» አልኩ፤ የነቃሁት ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አሉ፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል።

አልተከራከርኳቸውም። ማዳመጫዬን አውጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ሸሚዛቸውን እስኪከፍቱልኝ ጠበቅሁ።